ሙህሲን ሊደርስ ነው

መምህር ሙህሲን ፈረንሳይኛ የሚያስተምርበት ክፍል ከቆቦ ገበያ ጀርባ ካለ ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወፍጮው ሲዞር ፊት አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ተማሪ እንኳ የመምህሩ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ከማየት በቀር የሚሰማው ነገር የለም። ስለዚህ ትምህርቱ የሚሰጠው መብራት ሲጠፋ ነበር። ከተማው ሁሉ ሲያማርር ሙህሲን ጠመኔውን ያነሳል። የቆቦን መብራት ጠባይ ለሚያውቅ ሰው፣ ተማሪዎቹ ብዙ ትምህርት አምልጧቸዋል ማለት አይቻልም።

ከፈረንሳይኛ ጊዜያት ሁሉ ሙህሲን የሚያስተምረው የቅርብ ወደፊቱን ብቻ ነው። የአሁኑ ጊዜ፣ እንደ እሱ አባባል፣ ባለጌ ነው፤ እያንዳንዱ ግስ እንደ ልቡ ይሆናል። ያለፈው ጊዜማ ጣጣው ብዙ ስለሆነ ለሌላ ኮርስ ይቆይ። የቅርብ ወደፊት ግን ጨዋ ነው። «መሄድ» የሚለውን ግስ ትይዛላችሁ፣ ከኋላው የፈለጋችሁትን ትቀጥላላችሁ፣ አለቀ።

«በዚች ብቻ ጅቡቲ ላይ መኖር ይቻላል» ይላል፣ የጠመኔውን ብናኝ ከኮቱ እያራገፈ። «ልበላ ነው፣ ልተኛ ነው፣ ልከፍል ነው። ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይናገራል?»

ከዚያ «መድረስ» የሚለውን ግስ ሰሌዳው ላይ ይጽፍና ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያወርደዋል።

«ዠ ቬ ዛሪቬ፣ ልደርስ ነው። ቱ ቫ ዛሪቬ፣ ልትደርስ ነው። ኢል ቫ አሪቬ፣ ሊደርስ ነው። ኑ ዛሎን ዛሪቬ፣ ልንደርስ ነው…»

ራዊያ ታሂር ይህ ጊዜ ለቆቦ ሰው አዲስ አለመሆኑ የገባት ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር። ውሃው ሊመጣ ነው። መንገዱ ሊጠገን ነው። መብራቱ፣ ወፍጮው እስኪጮህ ድረስ፣ ሊበራ ነው። ይህን ለመማር ፈረንሳይ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ቢሆንም ከአባቷ የቆርቆሮና ሚስማር ሱቅ በወጣች ቁጥር እየመጣች ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ ምክንያቱም ሙህሲን ሲያወራ ያስቃል፣ ሲሳቅበት ደግሞ አይቆጣም። እንዲህ ያለ ወንድ በቆቦ ብዙ አልገጠማትም። እሱም የእሷን ሳቅ ከሌላው ሳቅ ለይቶ ማዳመጥ ከጀመረ ቆይቷል።

ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ ታሂር ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው፣ የልጁን ነገር አንድ በአንድ ጠየቁ። ልጁ ጅቡቲ የሚኖር አጎት አለው። አጎቱ በአንድ የጭነት ድርጅት አስተርጓሚ አድርጎ ሊያስቀጥረው ነው። ልጁ ሊሄድ ነው።

«መልካም ነው» አሉ አቶ ታሂር። «ይሂድና ይድረስ። የደረሰ ዕለት ይደውል፤ ወኪል አቁመን ኒካሁን በስልክ እናስራለን። ልጄን ለሊሄድ ሰው ሳይሆን ለሄደ ሰው ነው የምሰጠው።»

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወጡ። ሙህሲንም ደስ አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ለሰላምታ ላቆመው ሰው ሁሉ መሄዱን ይናገር ጀመር፤ ሰፈሩም፣ ይሄ ሁሉ ወሬ ያለ ዱዓ አይቀርም ብሎ፣ ማሽላው አበባ በያዘ ሰሞን መሸኛ አዘጋጀለት።

መሸኛው ደማቅ ነበር። በግ ታረደ፣ ሰሌን ተነጠፈ፣ ጫት ተቀነጠሰ። የሰፈሩን መንገደኛ ሁሉ መርቀው የሚሸኙት አባ ፈንታው ሙህሲንን ፊታቸው አንበርክከው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አላህ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ።»

«አሚን።»

«የረገጥከው ይለምልም፣ የነካኸው ይባረክ።»

«አሚን።»

«ሳትደርስ ፊትህን አትመልስ።»

«አሚን» አለ ሰፈሩ፤ ራዊያም ከሴቶቹ መሃል ሆና አሚን አለች።

ይህ የመጨረሻው ቃል ለወጉ ያህል የሚባል አይደለም። እዚያ ሰፈር ተመርቆ የወጣ መንገደኛ ካሰበበት ሳይደርስ ደጁን ተመልሶ አይረግጥም፤ ቢረግጥ ምርቃቱ በመራቂዎቹ ላይ ይወድቃል ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሹፌር ተመርቆ ከወጣ በኋላ መንጃ ፈቃዱን ረስቶ ከመንገድ ተመለሰ። በዚያ ክረምት ዝናቡ ዘገየ። ዝናቡ የዘገየው በሌላውም አገር ቢሆንም ሰፈሩ ምክንያቱን በሚገባ ስለሚያውቅ የአየር ትንበያ ባለሙያ አላስቸገረም፤ ሹፌሩ ፍየል እንዲያርድ ፈረደበትና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ሙህሲን በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ እያየው ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። አዲስ ሻንጣውን ጣሪያው ላይ አሰረ፣ በመስኮት እጁን አወዛወዘ፣ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ የድምፅ መልእክቱ ለራዊያ ደረሳት።

«ገብቻለሁ፣ አብሽሪ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ይሄን የምቀዳልሽ ባሕሩን እያየሁ ነው…»

ከኋላው አንድ ረዳት «ወልድያ፣ ወልድያ፣ አንድ ሰው» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ራዊያ መልእክቱን ደግማ ሰማችው። የወልድያ ሰው የማይደርስበት አገር የለም ብላ ተገረመች። ጅቡቲ ላይ ቆሞ ወልድያ የሚጭን ረዳት ምን ያህል የሥራ ሰው ቢሆን ነው አለች። ሰው የሚወደውን ሲያምን ጆሮው እንዴት ታዛዥ እንደሚሆን ኋላ ነው የገባት።

ማሽላው ሲታጨድ አቶ ታሂር ቀን ቆረጡ፤ ኒካሁ ለመጪው ጁምዓ ሆነ። ራዊያም ከጁምዓው በፊት በወልድያ መንገድ ላይ ጎብዬ ያለችውን አክስቷን ሳሊሀን ልትጠራ ሄደች። አክስቷ ለማድ ቤቷ ክዳን የቆርቆሮ ሚስማር ላኩልኝ ብላ ስለነበር እሱንም ያዘች።

ሳሊሀ ሚስማሩን እየተቀበለች ስለ ሠርጉ ልብስ ስትጠይቃት፣ ከአጥሩ ማዶ ብዙ ድምፅ በአንድነት ተነሳ።

«ዠ ቬ ዛሪቬ። ቱ ቫ ዛሪቬ። ኢል ቫ አሪቬ…»

ራዊያ የአክስቷን ጥያቄ ከመሃል ቆረጠችው።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፈረንሳይኛ ነው አሉ። ጎረቤቴ ክፍል ያከራየችው መምህር ነው። ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ፣ ትንሽ ልረፍ ብሎ ወረደ።»

«መቼ?»

«እንጃ፣ ማሽላው አበባ ላይ እያለ መሰለኝ። አሁን ያው ታጭዷል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ድካሙ ግን አለቀቀውም።»

ራዊያ በአጥሩ ክፍት አለፈች። ክፍሉ ከቆቦው የተሻለ ነበር፤ ወፍጮ የለውም። ሙህሲን ያንኑ ኮት ለብሶ፣ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። አዲሱ ሻንጣ ጥግ ላይ ተቀምጦ የተማሪዎች ደብተር ተከምሮበታል። ሲያያት ጠመኔው ከእጁ አልወደቀም፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ለዛሬ እዚህ ላይ እናቁም» አላቸው ተማሪዎቹን። «በሚቀጥለው ልንጨርስ ነው።»

እስኪወጡ ጠበቀች።

«የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ነው?» አለችው።

ሙህሲን መጀመሪያ ሰሌዳውን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን አየ። «ራዊያ፣ ላስረዳሽ ነው።»

«አስረዳኛ።»

«አጎቴ ወልድያ ሳልደርስ ደወለ። ጠብቅ አለኝ። ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሊቀይር ነው፤ አዲሱ ሲገባ ሰው ሊቀጥር ነው፤ ያኔ ሊጠራኝ ነው።»

«እና ጎብዬ ወረድክ።»

«ምን ላድርግ? ወደ ቆቦ እንዳልመለስ ተመርቄያለሁ። ሳትደርስ ፊትህን አትመልስ ሲሉኝ አንቺም አሚን ስትይ ሰምቼሻለሁ፤ ድምፅሽን ለይቼዋለሁ። ወደፊት እንዳልሄድ ጠብቅ ተብያለሁ። መሃል ላይ ያለችው ጎብዬ ናት።»

«ባሕሩስ?»

«የቱ ባሕር?»

«እያየሁት ነው ያልከኝ።»

«እሱማ… ያው ላየው ስለሆነ ነው። ጥቂት ቀን ነው ያስቀደምኩት።»

«ጁምዓ ኒካሁ ሲታሰር የት ሆነህ ልትመልስ ነበር?»

«እዚሁ፣ በሩን ዘግቼ። ተማሪዎቹን አርብ አትምጡ ብያቸዋለሁ።»

ራዊያ ልትቆጣ መጥታ ሳቋ አመለጣት። የባሰው ችግር ይሄ ነበር። ይሄ ሰው ዋሽቷታል፣ አባቷን አታሏል፣ የሰፈሩን በግ በልቷል፤ እሷ ግን አሁንም ከጅቡቲው አስተርጓሚ ይልቅ ይሄንን፣ ተደብቆ እንኳ ማስተማር ያልተወውን ሰው ትወደዋለች። ጅቡቲ ለመሄድ ጓጉታ አታውቅም። ከእሱ ጋር ለመሆን መንገዱ በዚያ በኩል ነው ስለተባለች ነበር።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስማኝ፣ ሙህሲን። የጎብዬ መምህር አግቢኝ ቢለኝ እሺ እላለሁ። አባቴ ፊት ቆሜ እከራከርልሃለሁ፣ ቢቆጣም እችለዋለሁ። የጅቡቲውን ሰውዬ ግን አላውቀውም፤ ከማላውቀው ሰው ጋር ኒካሕ አላስርም።»

«ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«አሁን ከእኔ ጋር ሚኒባስ ተሳፈር። መጀመሪያ ያገኘነው የቆቦ ሰው የት ነበርክ ሲልህ፣ ጎብዬ ነበርኩ በል። ሌላ ምንም አልፈልግብህም።»

«ይስቁብኛል።»

«ሲስቁብህ ኖረው የለ? ስቀው ሲጨርሱ ቤታቸው ይገባሉ።»

«ዱዓውስ? ዝናቡ ቢቀር?»

«ፍየል እኔ እገዛለሁ።»

ሙህሲን ሰሌዳውን ጠረገ። ከዚያ ደብተሮቹን ከሻንጣው ላይ አነሳና «እሺ» አለ። የሚገርመው ነገር፣ «ልመጣ ነው» ሳይሆን «እሺ» ብሎ መምጣቱ ነው። ራዊያ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ጎብዬን ወዳት አታውቅም።

ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሙህሲን ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ «ጎብዬ ነበርኩ፣ ጎብዬ ነበርኩ» እያለ እንደሚለማመድ ገባት። ተማሪ ሆኖ ሲያጠና አይታው አታውቅም ነበርና አንጀቷን በላው።

ሮቢት ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ አንድ ከረጢት ሽንኩርት አስገባ፤ ከሽንኩርቱ ኋላ አባ ፈንታው ገቡ። ሦስት አራት የሰፈሩ ሰዎችም ተከትለዋቸዋል፤ ከለቅሶ መመለሳቸው ነበር። ሁሉም የሙህሲንን በግ የበሉ ናቸው።

አባ ፈንታው ተደላድለው ተቀመጡ።

«ሙህሲን ነህ?» አሉ።

«ነኝ፣ አባ።»

«አጀብ ነው። ከጅቡቲ መቼ ገባህ?»

ራዊያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልታየው አልፈለገችም፤ በዓይኗ ያስገደደችው እንዳይሆን። የሚጠበቅበት የአንዲት ከተማ ስም ነው፤ ያውም አሁን ከኋላቸው ትተዋት የመጡት ከተማ። ሚኒባሱ ተነሳ። ሙህሲን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዛሬ ጠዋት» አለ።

«አልሀምዱሊላህ» አለ ሚኒባሱ።

«ሙቀቱ እንዴት ነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«አይጣል ነው። ጠዋት የለበስከው ሸሚዝ ቀትር ላይ ይጨመቃል።»

«መርከብ አየህ?»

«መርከብማ አየህ ይባላል? ወደቡ ላይ ሲቆም የዞብል ተራራ ተነቅሎ የመጣ ነው የሚመስልህ።»

ራዊያ በመስኮቷ የዞብልን ተራራ አየችው። ከቦታው አልተነቃነቀም። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ግን እየራቀ ሄደ። ስለ ወደቡ ክሬን አወራ፣ ስለ ፈረንሳዮቹ ዳቦ አወራ፣ አጎቱ ቢሮ ውስጥ ስላለው ማቀዝቀዣ አወራ። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ጎብዬ ላይ ስትጠይቀው ሲንተባተብ የነበረው ምላስ አሁን እንደ ጥሩ ፈረንሳይኛ ይፈሳል።

«ዕቃህስ? ይቺ ሻንጣ ብቻ ናት?» አለ የኋለኛው ሰው።

«ሊመጣ ነው» አለ ሙህሲን።

አባ ፈንታው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ደርሶ በሰላም የተመለሰውን አላህ እንደገና ያድርሰው።» ሚኒባሱ ሁሉ አሚን አለ። ራዊያ ብቻ ቀረች።

ቆቦ ሲወርዱ ሙህሲን በሰው ተከቦ ሄደ። ራዊያ የሽማግሌውን ከረጢት በአንድ ጆሮው ይዛ እስከ ባጃጁ አደረሰችላቸው።

«ተገላገልኩ» አሏት አባ ፈንታው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጎብዬ ገበያ በወጣሁ ቁጥር በዚያ ልጅ ደጅ ላለማለፍ ስንት ስዞር ከረምኩ።»

ራዊያ ቆመች። «ያውቁ ነበር?»

«ማን ያላወቀ አለ፣ ልጄ? በአፋችን መርቀን እንዴት ተመለሰ እንበል? አልሄደም እንዴት እንበል?»

«ጎብዬ ነበርኩ ቢልስ ኖሮ?»

ሽማግሌው ሽንኩርቱን እግራቸው ሥር እያደላደሉ አሰቡ። «ጎብዬም ሰው ይኖርበታል። እንኳን ደረስክ እንለው ነበር። እኔ በር ከፈትኩለት እንጂ ግባ አላልኩትም።»

ከተማው ሙህሲንን ከጅቡቲ ተመላሽ አድርጎ ተቀበለው። የፈረንሳይኛ ክፍሉ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሞ መማር ጀመረ፤ የዓይን ምስክር ከሆነ መምህር የሚማሩት ሌላ ነው። ሙህሲን ራዊያን ሱቋ ድረስ መጥቶ ሊያስረዳት ሞከረ፤ አባ ፈንታው ጅቡቲ ብለው ስለጀመሩ ሽማግሌ ማረም ነውር ሆኖበት እንደሆነ ነገራት። እሷም ሰማችው። ሲያወራ አሁንም ያስቃል፤ እሷ ግን ሳቋ አልመጣላትም፤ እስኪመጣም ብዙ ጠበቀችው።

ጁምዓ ደረሰ። ልጁ ራሱ ስለመጣ ስልክ አላስፈለገም፤ ሽማግሌዎቹ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አባ ፈንታውን አስቀድመው፣ የኒካሁን ሰዓት ለማስቆረጥ ጠዋት አቶ ታሂር ቤት ገቡ። ራዊያ አባቷን ወደ ጓዳ ጠራቻቸው።

«አባ፣ አልፈልገውም።»

«ምን ሆነ? ጅቡቲ ደርሶ መጣ አይደል?»

«ከጎብዬ ነው የመጣው።»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ታሂር። «አንድ የሳሊሀ ጎረቤት ገና ድሮ ነገረችኝ።»

ራዊያ አፏን ይዛ አየቻቸው። «እና በስልክ ልትድረኝ ነበር?»

«እኔም አሚን ብያለሁ፣ ልጄ። ደግሞ ጎብዬ ከጅቡቲ ይቀርባል፤ ስትናፍቂኝ በሚኒባስ እመጣለሁ ብዬ ነው።» ሳቁ፤ ፊቷን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡት። «ጎብዬ መቀመጡ አይደለም እንዴ ያስከፋሽ?»

«አይደለም። ጎብዬ ቢሆን ሄጄ እኖር ነበር። ጎብዬ ነበርኩ እንዲል ለመንኩት፣ አላለም።»

አቶ ታሂር ኩፊያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። እሳቸው ቤት ሽማግሌ ፊት «አይሆንም» የሚል ቃል ተነግሮ አያውቅም፤ አባታቸውም አላሉትም፣ አያታቸውም አላሉትም። እምቢታ እዚያ አገር የራሱ ወግ አለው። ሽማግሌው በክብር ይስተናገዳል፣ ይመሰገናል፣ ከዚያ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ቀጠሮው ሲደርስ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል። አዋቂ ሽማግሌ ሁለተኛውን ሳይጠብቅ ይገባዋል።

«ምን ልበላቸው?»

«ቀጠሮ ስጣቸው።»

አባቷ ትንሽ አይዋትና ኩፊያቸውን መልሰው ወጡ። ራዊያ ከጓዳው ሆና ሰማች። አባቷ እንግዶቹን አመሰገኑ፣ የልጁን ጨዋነት አነሱ፣ ማሽላው ገና ከአውድማ አለመግባቱን አወሩ። «እስኪ አውድማው ይነሳና እንነጋገራለን» አሉ። ከዚያ አባ ፈንታው ሻያቸውን ጨረሱ፣ ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጡ፣ «ደግ ብለሃል» አሉ። የትኛው ቀን ብሎ የጠየቀ የለም።

ሁሉም ገብቷቸዋል። ከሙህሲን በቀር። እሱ ቀጠሮ ተሰጠኝ ብሎ ወፍጮ ቤቱ ድረስ በደስታ ሄደ፤ ለተማሪዎቹ ነገራቸው፣ ለወፍጮው ባለቤት ነገረው፣ ሰላም ላለው ሁሉ ነገረ።

በሳምንቱ አንዲት ሴትዮ የቆርቆሮ ሚስማር ልትገዛ ሱቅ መጣች።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ እቴ» አለቻት። «ልትጋቡ ነው አሉ።»

«አሉ» አለች ራዊያ፣ ሚስማሩን ሚዛኑ ላይ እያፈሰሰች።